ትምህርት እኩል፣ ኑሮ እኩል ያልሆነው ለምንድን ነው?

«የተማረ ይግደለኝ» እየተባለልን ያደግን አገልጋዮች ለምእመናን ልጆች የምንሰጠው የመጀመሪያ ምክር «ተማሩ» የሚል ነው። ምክሩ ትክክል ነው፤ በየትኛውም ማኅበረሰብ ዘንድ የተማረው ካልተማረው በአብዛኛው የተሻለ ገቢ ያገኛል። ሆኖም በአሜሪካ የሐበሻ አጥቢያ የሚያገለግሉ ከሆነ አንድ ጥያቄ ይጠብቅዎታል፦ እኩል የተማሩ ጥቁርና ነጭ ለምን እኩል አይኖሩም?

አንደኛው ምክንያት ውርስ ነው። በአሜሪካ የብዙ ቤተሰብ ዋና ሀብት መኖሪያ ቤቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የፌዴራል መንግሥት ተቋም ጥቁሮች የሚኖሩባቸውን ሰፈሮች በካርታ ላይ ቀይ ቀብቶ ለብድር አደገኛ ናቸው አለ፤ የመንግሥት የብድር ዋስትናም እነዚህን ሰፈሮች አገለለ። በ1944 የወጣው የተመላሽ ወታደሮች ሕግ የትምህርትና የቤት ብድር ድጋፍ ቢፈቅድም፣ አፈጻጸሙ በየአካባቢው ሹማምንትና ባንኮች እጅ ስለ ነበር ብዙ ጥቁር ዘማቾች ሳይጠቀሙ ቀሩ። ቤት መግዛት የተከለከለ አባት ለልጁ ቤት ሊያወርስ አልቻለም። የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ በ2022 ባደረገው ጥናት፣ ቤተሰቦች በሀብታቸው ተራ ቢደረደሩ መሐል ላይ የሚገኘው ነጭ ቤተሰብ 285,000 ዶላር፣ ጥቁሩ ደግሞ 45,000 ዶላር ገደማ ሀብት ነበረው።

ሁለተኛው ትምህርት ቤቱ ራሱ ነው። በ1954 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ተማሪዎችን በዘር መለየትን ከለከለ። ይሁን እንጂ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች በጀት ጉልህ ክፍል ከአካባቢው የንብረት ግብር ይሰበሰባል። ቤት በረከሰበት ሰፈር ግብሩም ያንሳል፤ የክፍለ ግዛቱ ድጎማ ጉድለቱን ሁልጊዜ አይሞላም።

ሦስተኛው የቀጣሪው ዓይን ነው። በርትራንድና ሙላይናታን የተባሉ ተመራማሪዎች በቦስተንና በቺካጎ ወደ 5,000 የሚጠጉ የሥራ ማመልከቻዎች ላኩ። የነጭም የጥቁርም የሚመስሉ ስሞች በዕጣ ተደለደሉ። በ2004 ባሳተሙት ውጤት መሠረት የነጭ ስም ያለባቸው ማመልከቻዎች 50 በመቶ ያህል ብልጫ ያለው ጥሪ አገኙ።

ይህ እረኛውን የሚመለከተው ለምንድን ነው? ብዙዎቹ ኢትዮጵያውያን አሜሪካ የገቡት ከ1960ዎቹ የሲቪል መብት ሕጎች በኋላ ስለ ሆነ ይህን ታሪክ በቤታቸው አላዩትም። ስለዚህ አንዳንዱ ጥቁር አሜሪካዊ ጎረቤቱን «ሰነፍ ነው» ብሎ ይፈርድበታል። እዚያው የተወለደው ልጁ ግን በቀጣሪው ፊት የሚታየው እንደዚያው ጎረቤት ነው።

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6ን ያስታውሱ። ግሪክኛ ተናጋሪዎቹ አይሁድ መበለቶቻቸው በዕለቱ ምግብ እደላ ቸል ተባሉ ብለው ሲያንጎራጉሩ፣ ሐዋርያት አጉረምራሚዎች ብለው አልገሠጿቸውም። የአሠራሩን ጉድለት ተቀብለው ሰባት ሰዎች አስመረጡ፤ የሰባቱም ስም የግሪክ ነው። ኃላፊነቱ ጉዳቱን በቅርብ ለሚያውቁት ተሰጠ ማለት ነው።

እንግዲህ «ተማሩ» ማለትዎን አይተዉ። ከዚያ ጋር ግን የአጥቢያዎን ወጣቶች ከሥራ ጋር የሚያገናኙ ባለሙያ ምእመናንን ያደራጁ፤ ከአካባቢው የጥቁር አሜሪካውያን ቤተ ክርስቲያን መጋቢ ጋር ይተዋወቁ፤ ያዕቆብ ምዕራፍ 2ን ስለ አድልዎ ሲሰብኩም ከሀብታምና ከድሃ መቀመጫ አልፈው የቆዳ ቀለምን በስሙ ይጥሩት።