ቆሽት ምግብን እንጂ ራሱን እንዳይፈጭ የሚያደርገው ሥርዓት

በአገራችን አንድ ሰው ክፉኛ ሲናደድ «ቆሽቴ አረረ» ወይም «ቆሽቴ ደበነ» ማለቱ የተለመደ ነው። አባባሉ ቆሽትን የንዴት መቀመጫ ቢያደርገውም የአካሉ ትክክለኛ ተግባር ግን ሌላ ነው። ቆሽት የምንመገበው ምግብ ተፈጭቶ ከሰውነታችን ጋር እንዲዋሐድ የሚያስችል ፈሳሽ የሚያመነጭ ዕጢ ነው። ይኸው ፈሳሽ ያለ ጊዜውና ያለ ቦታው ሥራ ከጀመረ ቆሽቱን ራሱን ስለሚጎዳ አመራረቱም ሆነ አለቃቀቁ ጥብቅ ቁጥጥር ይደረግበታል።

ቆሽት ከጨጓራ በስተጀርባ ተጋድሞ የሚገኝ፣ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው አካል ነው። ሁለት ዐበይት ተግባራት አሉት። አንደኛው ኢንሱሊንን የመሳሰሉ ሆርሞኖችን ወደ ደም በመልቀቅ የስኳርን መጠን መቆጣጠር ሲሆን፣ ሁለተኛው በቀን 1 ነጥብ 5 ሊትር ገደማ የምግብ መፍጫ ፈሳሽ ወደ ትንሹ አንጀት ማፍሰስ ነው። የቆሽት አብዛኛው ክፍል የተሠራውም ለዚህ ለሁለተኛው ተግባር ነው።

ፈሳሹ የሁለት ዓይነት ሕዋሳት የሥራ ውጤት ነው። እንደ ወይን ዘለላ የተሰባሰቡት ሕዋሳት ኢንዛይሞችን ሲያመርቱ፣ የቱቦዎቹን ግድግዳ የሸፈኑት ደግሞ ውኃና ባይካርቦኔት የተባለ ውህድ ያክሉበታል። ከጨጓራ የሚወርደው ምግብ አሲድ የበዛበት በመሆኑ ባይካርቦኔቱ የአሲዱን ኃይል በማብረድ አንጀትን ከመቁሰል ይጠብቃል፤ ለኢንዛይሞቹም ምቹ ሁኔታን ይፈጥራል።

ኢንዛይሞቹ የሥራ ክፍፍል አላቸው። ለአብነት ዶሮ ወጥ በእንጀራ ብንመገብ አሚሌዝ የእንጀራውን ስታርች፣ ላይፔዝ የቅቤውን ስብ፣ ትሪፕሲንና መሰሎቹ ደግሞ የሥጋውንና የእንቁላሉን ፕሮቲን ይፈጫሉ።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ሥጋን የሚፈጭ ኢንዛይም ራሱ ሥጋ የሆነውን ቆሽት እንዴት ሳይፈጨው ይቀራል? ምላሹ ፕሮቲን ፈጪዎቹ ኢንዛይሞች ከቆሽት የሚወጡት ሥራ መጀመር በማይችሉበት ይዞታ መሆኑ ነው። ትሪፕሲኖጅን የተባለው ውህድ ትንሹ አንጀት ከደረሰ በኋላ በአንጀቱ ግድግዳ ላይ የሚገኝ ሌላ ኢንዛይም ወደ ትሪፕሲን ይለውጠዋል፤ ትሪፕሲንም በተራው የቀሩትን ያነቃቃል። ከዚህም በተጨማሪ ቆሽት ውስጥ ቀድሞ የነቃ ጥቂት ትሪፕሲን ቢኖር የሚያግደው ሌላ ውህድ አለ።

የፈሳሹ መጠንም እንደ ምግቡ ዓይነት ይወሰናል። የምግብ ሽታና ጣዕም በነርቭ አማካይነት ቆሽትን ያዘጋጀዋል። አሲድ ወደ ትንሹ አንጀት ሲገባ ሴክሬቲን የተባለ ሆርሞን ባይካርቦኔት እንዲፈስ ያዛል፤ ስብና ፕሮቲን ሲደርሱ ደግሞ ኮሌሲስቶካይኒን ኢንዛይሞች እንዲለቀቁና የሐሞት ከረጢት እንዲኮማተር ያደርጋል። አሲዱ ሲበርድና ምግቡ ሲፈጭ ትእዛዙ ይቀንሳል።

ሴክሬቲንን እ.ኤ.አ. በ1902 ለንደን ውስጥ ያገኙት ዊልያም ቤይሊስና ኧርነስት ስታርሊንግ ናቸው። ተመራማሪዎቹ የአንድን ውሻ አንጀት ከፊል ክፍል ነርቮች ቆርጠው አሲድ ቢጨምሩበትም ቆሽቱ ፈሳሽ ማመንጨቱን አላቋረጠም። ትእዛዙ በደም በኩል እንደሚተላለፍ የተረጋገጠው በዚህ ነበር። «ሆርሞን» የሚለውን ቃልም ስታርሊንግ በ1905 ለሕዝብ አስተዋውቋል።

ይህ ቁጥጥር ሲናጋ ኢንዛይሞቹ እዚያው ቆሽት ውስጥ ሥራ ይጀምራሉ፤ አካሉም ይቆጣል። ለዚህ ሕመም ከሚዳርጉት ዋና ዋና ምክንያቶች መካከል ቱቦውን የሚዘጋ የሐሞት ጠጠርና አልኮልን አብዝቶ መጠጣት ይገኙበታል። ከላይኛው የሆድ ክፍል ተነሥቶ ወደ ጀርባ የሚዘልቅ ብርቱ ሕመምና ተደጋጋሚ ትውከት ምልክቶቹ ናቸው። ሕመሙ ለሕይወት አስጊ ሊሆን ስለሚችል የጨጓራ ሕመም ነው ብሎ በቤት ውስጥ ከማስታመም ይልቅ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። ለረዥም ጊዜ የቆየ ጉዳት ደግሞ የኢንዛይም እጥረት በማስከተል ቅባት የበዛበት ሰገራና የክብደት መቀነስ ያመጣል፤ እጥረቱ በሐኪም ትእዛዝ ከምግብ ጋር በሚወሰዱ የኢንዛይም እንክብሎች ሊተካ ይችላል። አልኮልን መተውና የሐሞት ጠጠርን በወቅቱ መታከም ግን ቆሽትን ከጉዳት ለመጠበቅ ቀዳሚ ርምጃዎች ናቸው።