የጣና ደንገል በአትላንቲክ ላይ

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ለሚኖር ሰው፥ ትንሽ መርከብ አዘጋጅቶ፥ ስንቁን ቋጥሮና ባልንጀሮቹን መርጦ ታላቁን ውቅያኖስ ለመሻገር መሰናዳት የሩቅ አገር ወግ ሆኖ ቢታየው አያስደንቅም፤ እንኳን መርከብ ታንኳ የሚያስኬድ ውኃ በሠፈሩ የለምና። ይሁን እንጂ በዓውደ ዓመት ዋዜማ ከጎፋ በእቅፍ ገዝተን ከቡናው ረከቦት ሥር የምንጎዘጉዘው ቄጠማ የሥጋ ዘመድ የሆነው የጣና ደንገል፥ ተቈርጦና ደርቆ፥ በገመድም ታስሮ መርከብ ከሆነ በኋላ፥ ሁለት ጊዜ ወደ አትላንቲክ ወጥቶ በሁለተኛው ጊዜ ከሞሮኮ ጠረፍ እስከ ባርቤዶስ ደሴት መድረሱን ብዙዎቻችን አልሰማንም። የመጀመሪያዪቱ መርከብ ሳትደርስ የቀረችበትና ሁለተኛዪቱ የደረሰችበት ምክንያት ከባሕሩ ይልቅ በዝግጅቱ ውስጥ የሚገኝ ስለሆነ፥ ነገሩን ከሥሩ መመልከት ይገባል።

ደንገል፥ በሌላው ዓለም ፓፒረስ የሚባለው፥ ከረግረግ የሚበቅል፥ ቁመቱ ከሰው ቁመት በእጥፍ የሚያልፍ፥ ግንዱ ሦስት ማዕዘን የሆነ ተክል ሲሆን፥ ከቅርፊቱ በታች ያለው ለስላሳ ልብ አየር የተመላባቸው ጥቃቅን ክፍሎች ስላሉት በውኃ ላይ ይንሳፈፋል። የጣና ዳር ሰዎች፥ ይልቁንም በዚህ ጥበብ ስማቸው የታወቀው ወይጦዎች፥ ደንገሉን ቈርጠው በፀሐይ ካደረቁት በኋላ እቅፍ እቅፉን ይደረድራሉ፤ ገመዱን ከሥር አሳልፈው፥ ነዶውን በእግራቸው ረግጠው፥ ገመዱን ወደ ራሳቸው እየሳቡ ያጠብቁታል፤ ፊቱን ወደ ላይ ቀና አድርገው ሲያስሩትም ታንኳ ይሆናል። እንደ ጣውላ ጀልባ የሚቀደድ አካል ስለሌላት ታንኳዪቱ በአንድ ቀዳዳ ምክንያት አትሰጥምም፤ ነገር ግን ውኃ ትጠጣለችና፥ ማገዶ ጭና ባሕር ዳር ከደረሰች በኋላ ወደ የብስ አውጥቶ፥ አቁሞ ማድረቅ ግድ ነው፤ እንዲህም ተጠብቃ ዕድሜዋ በወራት እንጂ በዓመታት አይቈጠርም። ነቢዩ ኢሳይያስ በ18ኛው ምዕራፍ ከኢትዮጵያ ወንዞች ማዶ ካለችው ምድር በደንገል መርከብ ስለሚላኩ መልእክተኞች መናገሩን፥ የሙሴም እናት ሕፃኗን ያኖረችበት ሣጥን ከደንገል የተሠራ መሆኑን የሚያስታውስ አንባቢ፥ የዚህን ጥበብ ጥንታዊነት ከኔ ምስክርነት ሳይጠብቅ ይረዳል።

በ1939 ዓ.ም. ኮን ቲኪ በተባለች የባልሳ ግንድ መርከብ ከፔሩ ተነሥቶ እስከ ፖሊኔዥያ ደሴቶች የተሻገረው ኖርዌጃዊ ቶር ሄየርዳል፥ ከሃያ ዓመት በኋላ ዐይኑን ወደ ግብጻውያን መቃብር ሥዕሎች መለሰ። በግድግዳው ላይ የተሣሉት የደንገል መርከቦች የወንዝ ብቻ ነበሩን ወይስ ከውቅያኖስም መውጣት ይቻላቸው ነበር የሚለውን ጥያቄ ሊቃውንቱ በአመዛኙ አይቻላቸውም ብለው ዘግተውት ነበር፤ ደንገል በባሕር ውኃ ውስጥ ከሁለት ሳምንት በላይ አይቈይም የሚልም ፍርድ ነበራቸው። ሄየርዳል ግን በክርክር ፈንታ መርከብ ለመሥራት ቈረጠ። በግብጽ ምድር ደንገሉ ከጊዜ ብዛት የጠፋ ያህል ሆኖ ነበርና የሚበቃውን ያገኘው ከእኛው ጣና ነው፤ ነዶው ተራራውን ተሻግሮ እስከ ቀይ ባሕር፥ ከዚያም በመርከብ እስከ ስዌዝ ተጓዘና በጊዛ ፒራሚዶች ግርጌ ተከመረ። ሠሪዎቹ ግን ከቻድ ሐይቅ የመጡ የቡዱማ ሰዎች ነበሩ። ደንገሉ ከጣና ሲሄድ ከጣና ዳር አንድ ታንኳ ሠሪ እንኳ አብሮ አለመቈጠሩ እኔን እስካሁን ቅር ይለኛል።

የደረቀ ደንገል ሲያጥፉት ስለሚሰበር፥ ሠሪዎቹ መጀመሪያ ውኃ ውስጥ እየነከሩ ያለሰልሱት ነበር። ውኃ ወደ ግንዱ የሚገባው ይበልጡን በተቈረጠው ጫፍ በኩል ነው፤ ነዶው በርትቶ ከታሰረ ግን ግንዱ ውኃ ነክቶት ሲያብጥ ገመዱ ይበልጥ ይወጠራል፥ የውኃውም መግቢያ ይጠባል። ስለዚህ በደንገል መርከብ ዘንድ ሚስማር የሚባል ነገር የለም፤ ኀይሉ ሁሉ ከእስራቱ ነው። ችግሩ የተወለደው ከኋላው ጫፍ ላይ ነበር። የቻድ ሐይቅ ታንኳ ፊቱ ብቻ ቀና ያለ፥ ኋላው የተቈረጠ ነው፤ የግብጻውያኑ ግን በሁለቱም ወገን የተቈለመመ ነበርና፥ ሠሪዎቹ ያላደጉበትን ኋላ ከተሠራው አካል ላይ ቀጠሉበት። ሥዕሎቹም ከተቈለመመው የኋላ ጫፍ ወደ ወለሉ የሚወርድ አንድ ገመድ ያሳዩ ነበር፤ ይህ ገመድ ጫፉን ለማጉበጥ ብቻ የታሰረ መስሎ ስለታየ ተተወ።

ራ የተባለችው ይህች መርከብ 15 ሜትር ያህል ርዝመት ነበራት፤ በላይዋ ከሸንበቆ የተጠለፈ ጎጆ፥ ሁለት እግር ያለው ደቀል፥ አንድ ታላቅ ሸራና ሁለት ረጃጅም የመሪ መቅዘፊያዎች ተደረጉላት። ውኃው በሸክላ ጋንና በፍየል አቁማዳ ተመላ፤ ደረቅ ዳቦ፥ ለውዝ፥ ማርና የመሳሰለው ስንቅ በማሰሮ ታሸገ። ሰዎቹን ሄየርዳል የመረጠው እርስ በርሳቸው ከተራራቁ አገሮች ነው፤ በጠባብ ወለል ላይ ወራት የሚያሳልፉ ሰዎች ዘርና ሃይማኖት ሳይለያቸው መኖር ይችሉ እንደ ሆነ ለማየትም አስቦ ነበርና። አሜሪካዊው ኖርማን ቤከር አቅጣጫ ተመልካች፥ ሩሲያዊው ዩሪ ሴንኬቪች ሐኪም፥ ጣሊያናዊው ካርሎ ማውሪ ተራራ ወጪና ፎቶ አንሺ፥ የሜክሲኮው ሳንቲያጎ ሄኖቬስ የሥነ ሰብእ ሊቅ፥ ግብጻዊው ጆርጅ ሱሪያል ጠላቂ ዋናተኛ፥ ቻዳዊው አብዱላሂ ጅብሪን የደንገሉ ዐዋቂ ሆነው፥ ከመሪያቸው ጋር ሰባት፥ ግንቦት 17 ቀን 1961 ዓ.ም. በሞሮኮ ጠረፍ ካለው ከሳፊ ወደብ ወጡ።

ሁለቱም የመሪ መቅዘፊያዎች በጉዞው መጀመሪያ ላይ ተሰበሩ። ይህስ ይጠገን ነበር፤ የከፋው ከጭነቱ የመጣው ነው። በሃይሌ ጋርመንት አትክልት ተራ ሽንኩርት ወይም ጎመን በአይሱዙ ላይ የሚደረድር ጫኝ፥ ሸክሙ ወደ አንድ ወገን ካደላ መኪናው ጠመዝማዛ መንገድ ላይ እንደሚያዘነብል ሳይማር ያውቃል፤ የደንገል መርከብ ግን ከዚህ የረቀቀ ምሥጢር አላት። ነፋስ በሚመጣበት ወገን ያለውን ደንገል ማዕበሉ ዘወትር ስለሚመታው፥ ከውኃው በላይ ያለው ክፍል እንኳ ከሌላው ይልቅ ውኃ ይጠጣል፤ ሸክሙም በዚያው ወገን በዝቶ ነበርና ራ ከቀን ወደ ቀን ወደዚያ አዘነበለች። ኋላዋም እየወረደ ሄዶ ማዕበል የሚገባበት በር ሆነ። የተተወው ገመድ ጥቅም የተገለጠው ያን ጊዜ ነው፤ ጫፉን ወጥሮ በመያዝ ኋላው ከማዕበሉ ጋር ዝቅ ብሎ ተመልሶ እንዲነሣ የሚያደርገው እርሱ ነበር። በሐዋርያት ሥራ 27ኛው ምዕራፍ ቅዱስ ጳውሎስን የጫኑት መርከበኞች በዐውሎ ነፋሱ ጊዜ መርከባቸውን በገመድ እንዳስታጠቁ ተጽፏል፤ የራ ሰዎችም ያለ የሌለ ገመዳቸውን አሰሩባት፥ ሳይበቃ ቀረ እንጂ። ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘው፥ የካሪብ ደሴቶች ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው፥ ሰው ጨረቃን በረገጠበት በዚያው በሐምሌ ወር 1961 ዓ.ም. መርከባቸውን ትተው በሌላ ጀልባ ዳኑ። ሁለት ሳምንት አይቈይም የተባለው ደንገል ግን ስምንት ሳምንት ያህል ተንሳፍፎ ነበር።

በዓመቱ ሁለተኛዪቱ ራ ተሠራች፤ ደንገሉ ያው የኢትዮጵያ ደንገል ሲሆን፥ ሠሪዎቹ ግን ከቦሊቪያ፥ ከቲቲካካ ሐይቅ የመጡ የአይማራ ሰዎች ሆኑ። የነርሱ አገር ታንኳ ፊቱም ኋላውም ቀና ያለ ስለሆነ፥ ቅጥያ ሳያስፈልጋቸው ሁለት ታላላቅ ነዶዎችን በመካከላቸው ካለው ቀጭን ነዶ ጋር በጠመዝማዛ ገመድ አጣምረው ከአፍ እስከ ጫፍ አንድ አካል አደረጓቸው። መርከቢቱም ወደ 12 ሜትር አጠረች። ከፊተኞቹ ስድስቱ ተመለሱ፤ ጃፓናዊው ኬይ ኦሃራና ሞሮኳዊው ማዳኒ አይት ኡሃኒ ተጨምረው ስምንት ሆኑ። ግንቦት 9 ቀን 1962 ዓ.ም. ከሳፊ ወጥተው በ57ኛው ቀን ባርቤዶስ ገቡ፤ ዕለቱ ሐምሌ 5 ነበር፥ በእኛ ዘንድ የጴጥሮስና የጳውሎስ በዓል፤ በዓሣ አጥማጁና መርከቡ በተሰበረበት ሐዋርያ ቀን መድረሳቸውን ሳስብ ፈገግ እላለሁ። መርከቢቱ ዛሬ በኦስሎ፥ በኮን ቲኪ ሙዚየም ትታያለች።

ይህ የግብጻውያንን አሜሪካ መድረስ አያስረዳም፤ መድረስ ይችሉ እንደ ነበር ብቻ ያሳያል፥ ሁለቱንም መለየት የአስተዋይ አንባቢ ፈንታ ነው። ሄየርዳል ግን አንድ ነገር ገና ይቀረው ነበር። ኋላ በኢራቅ ረግረግ የሚኖሩ ዐረቦች፥ በእነርሱ አገር የሚበቅለው ሸምበቆ መሳይ ተክል በነሐሴ ወር ካልተቈረጠ ቶሎ ውኃ እንደሚጠጣ ነገሩት፤ እንደ ምክራቸውም አድርጎ ጤግሮስ የተባለችውን መርከብ ሠራ። እርሷም በኢራቅ ተነሥታ እስከ ፓኪስታን፥ ከዚያም እስከ ጅቡቲ ከአራት ወር በላይ ስትጓዝ ኀይሏ አልደከመም። ሆኖም በዙሪያው ጦርነት ስለ ነበረ ወደ ቀይ ባሕር መግባት አልቻለችም፤ መጋቢት 25 ቀን 1970 ዓ.ም. ሄየርዳልና ባልንጀሮቹ ጦርነቱን በመቃወም በገዛ እጃቸው በጅቡቲ አቃጠሏት፥ ምክንያቱንም ጽፈው ለተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ላኩ።