የወተት ጥርስ ይወድቃል ተብሎ አይናቅም

ብዙ ጊዜ የሰው ልጅ የሚንቀው በጥቅሙ ያነሰውን ነገር ሳይሆን በዕድሜው ያጠረውን ነው። ለጥቂት ዓመት ብቻ የተሰጠ ነገር ከሆነ «ማለፉ ለማይቀር» ተብሎ ጠባቂ ያጣል። በዚህ ዓይነት ከሚናቁት ነገሮች አንዱ የሕፃናት የወተት ጥርስ ነው። ልጆች የወለቀውን ጥርስ ወደ ቤት ጣራ ወርውረው አዲስ እንዲበቅልላቸው በደስታ ይመኛሉ። ወላጆችም ያንኑ እያሰቡ፥ ጥርሱ ገና በአፍ ውስጥ ሳለ ሲጠቁርና ሲቦረቦር ቢያዩ፥ «ለሚወድቅ ጥርስ ምን ያስጨንቃል?» ይላሉ። ይህ አነጋገር ከየዋህነት የመጣ ቢሆንም ዕዳውን የሚከፍለው ሕፃኑ ነው።

የወተት ጥርሶች ቁጥራቸው 20 ነው። የመጀመሪያው ሕፃኑ 6 ወር ገደማ ሲሆነው ብቅ ይላል፤ የመጨረሻዎቹም እስከ 3 ዓመት ድረስ ይወጣሉ። የፊቶቹ በ6 ወይም በ7 ዓመት መውለቅ ይጀምራሉ፤ መንጋጋዎቹ ግን እስከ 10 እና እስከ 12 ዓመት ይቆያሉ። እንግዲህ በ4 ዓመቱ መንጋጋው የተቦረቦረ ልጅ በዚያው ጥርስ ገና 6 ወይም 8 ዓመት ሊያኝክበት ይገባዋል ማለት ነው። ከዚህም በላይ የወተት ጥርስ ከበታቹ ለሚመጣው ቋሚ ጥርስ ስፍራ ጠባቂ ነው። ያለ ጊዜው ከተነቀለ ጎረቤቶቹ ወደ ባዶው ቦታ ይጠጋሉ፤ ቋሚው ጥርስም ሲመጣ፥ ርስቱን ሌላ እንደ ያዘበት ሰው መግቢያ አጥቶ ተጣሞ ይበቅላል።

በሀገራችን ስለ ወተት ጥርስ ሁለት ስሕተቶች ጎን ለጎን ኖረዋል። አንደኛው ከላይ የተነገረው ንቀት ነው። ሁለተኛው ግን ፍርሃት ነው፤ ይኸውም ሕፃን ባስቀመጠውና ባተኮሰው ጊዜ የሕመሙ ምክንያት ገና ያልበቀለው ጥርስ ነው ብሎ ድዱን በስለት ቆፍሮ «ግግ» ማስወጣት ነው። ይህ ልማድ ደም በማፍሰስና ቁስል በማመርቀዝ ሕፃናትን ለሞት ሲያደርስ፥ የተረፉትንም ቋሚ ጥርሳቸውን ያበላሽባቸዋል። ስለዚህም በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 561 ይህንን ድርጊት ከጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶች ጋር ቈጥሮ ቅጣት ደንግጎበታል። በፍርሃት የሚነቀለውም በንቀት የሚበሰብሰውም ያው አንድ ጥርስ ነው፤ ሁለቱንም ስሕተት የሚያርም ዕውቀት ብቻ ነው።

የጥርስ መበስበስ ከየት እንደ መጣ ለማወቅ የአራዳን ታሪክ መመልከት ይበቃል። በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የነበረው የአራዳ ገበያ፥ ጣልያን ከተማውን ይዞ ገበያውን ወደ አዲስ ከተማ እስኪያዛውረውና ሰፈሩም ፒያሳ እስኪባል ድረስ፥ የሀገሩ ሁሉ እህል፥ ቅቤና ማር የሚሸጥበት ነበር። ስኳር ግን ከባሕር ማዶ የሚመጣ ውድ ዕቃ ነበር። በ1946 ዓ.ም. የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ስኳር በሀገር ውስጥ ይመረት ጀመር። ዛሬ በአራዳ ከትምህርት ቤት የሚወጣ ልጅ በየሱቁ ደጃፍ ከረሜላ፥ ብስኩትና ለስላሳ መጠጥ ተደርድሮ ይጠብቀዋል። በአፍ ውስጥ የሚኖሩ ረቂቅ ተሐዋስያን ስኳሩን ወደ አሲድ ይለውጡታል፤ አሲዱም የጥርሱን ጠንካራ ቅርፊት ይበላዋል። የወተት ጥርስ ቅርፊት ስስ ስለሆነ ጉዳቱ ፈጥኖ እስከ ነርቩ ይደርሳል። ሌሊት ስኳር የገባበት ጡጦ አፉ ውስጥ ይዞ የሚተኛ ሕፃንማ ገና 2 ዓመት ሳይሞላው የፊት ጥርሶቹ ይጠቁራሉ።

እንግዲህ ጥርሱ ከተቦረቦረ በኋላ ምን ይደረግ? በብዙ ሰው አሳብ ያለው መድኃኒት መንቀል ብቻ ነው፤ ወይም ቀዳዳው ይሞላል፤ ሙሌቱም ብዙ ጊዜ ይወድቃል። ነገር ግን ሦስተኛ መንገድ አለ። ይህም የተጎዳውን መንጋጋ በሙሉ በቆብ መሸፈን ነው፤ ሐኪሞች «ክራውን» ይሉታል። ለሕፃናት መንጋጋ የሚሠራው ቆብ ከክሮሚየምና ከኒኬል ጋር ከተቀላቀለ የማይዝግ ብረት ሲሆን፥ በልዩ ልዩ መጠን ተዘጋጅቶ ከፋብሪካ ይመጣል። ሐኪሙ ልኩን መርጦ በማጣበቂያ ያጠልቀዋል። ሐምፍሪ የተባለ ሐኪም ይህንን አሠራር በፈረንጆች 1950 ዓመት ለሕፃናት ሐኪሞች አስተዋወቀ። ኖርና ሆል የተባለች የስኮትላንድ ሐኪም ደግሞ ጥርሱን ሳትቦረቡር፥ ድዱንም በመርፌ ሳታደነዝዝ፥ ቆቡን እንዲሁ በላዩ ማጥለቅ ጀመረች። ተሐዋስያኑ በቆቡ ተከድነው ስኳር ሲያጡ መበስበሱ ይገታልና። ዘዴው በስኮትላንድ በ132 ልጆች ተፈትኖ የመጀመሪያው ውጤት በፈረንጆች 2007 ዓመት ታተመ፤ ቆብ የተደረገላቸውን ጥርሶች ከተሞሉት ይልቅ ሕመምና መግል እምብዛም እንደማያገኛቸው ታየ።

ልጁ ቆቡ በተደረገበት ሰሞን ጥርሱ ከፍ ያለ ይመስለዋል፤ በጥቂት ሳምንት ግን ይለምደዋል። ቋሚው ጥርስ ሲደርስም የወተት ጥርሱ ቆቡን እንደ ለበሰ ይወድቃል። ይሁን እንጂ ቆብ ለሁሉ ጥርስ አይሆንም። ልጁ ሌሊት በሕመም የሚነቃ፥ ወይም ድዱ አብጦ መግል የያዘ ከሆነ ነርቡ ተጎድቷልና የነርብ ሕክምና ወይም መንቀል ያስፈልገዋል። ስለዚህ ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው ጥርሱ ሳያም መሄድ ይበልጣል።

ፒያሳ ለአዲስ አበባ ሰው ለብዙ ዘመን የወርቅ ሰፈር ሆና ኖራለች፤ የወርቅ ጥርስም የጌጥና የክብር ምልክት ሆኖ የታየበት ጊዜ ነበር። ስለዚህ አንዲት አያት በልጅ ልጅዋ አፍ ውስጥ ብር የመሰለ መንጋጋ አይታ «ይህ ምን ጌጥ ነው?» ብትል አይፈረድባትም። ጌጥ ግን አይደለም፤ ለልጁ የእህል ወፍጮ የተበጀ ክዳን ነው። ወጪውም ብክነት አይደለም፤ እየወደቀ ደጋግሞ የሚሞላ ጥርስና በኋላ ተጣሞ የሚቃና ጥርስ ከዚህ የበለጠ ገንዘብና ጊዜ ይፈጃሉ።

በ2016 ዓ.ም. ከፒያሳ አሮጌ ቤቶች ብዙዎቹ ሲፈርሱ አያሌ ነዋሪዎች ወደ ሌሎች ሰፈሮች ተዛውረዋል። ሰፈር ቢለወጥም የልጅ ጥርስ ወላጁን ተከትሎ ይሄዳልና፥ በአዲሱ ሰፈር አስቀድሞ ከሚፈለጉት ነገሮች አንዱ ሐኪም ሊሆን ይገባል። ወላጅ የልጁን ጥርስ ጠዋትና ማታ ፍሎራይድ ባለበት ሳሙና ይቦርሽለት፤ ከ3 ዓመት በታች ለሆነው የሩዝ ፍሬ ያህል፥ ከዚያ በላይ ለሆነው የአተር ፍሬ ያህል ሳሙና ይበቃዋል። መምህር በክፍል ውስጥ ጉንጩን ይዞ የሚቀመጠውን ልጅ እንደ ሰነፍ አይቍጠረው። የጥርስ ክሊኒኮችም ለመንቀል ጉጠት እንደሚያዘጋጁ ሁሉ ለማዳን የሚሆነውን ቆብ ያዘጋጁ። የወተት ጥርስ ዕድሜው አጭር ነው፤ ነገር ግን ልጅ ማኘክን፥ መናገርንና ሳይሸማቀቁ መሳቅን የሚማረው በዚያ አጭር ዕድሜ ነው።