የሁለት ብረቶች ፍቅር ለምን ልባችንን ይነካል?

እስቲ አስቡት። ምድር በቆሻሻ ተሞልታለች። ሰው የሚባል የለም፤ ሁሉም በመንኮራኩር ተሳፍሮ ጥሏት ሄዷል። የቀረው ቆሻሻ እየጨመቀ የሚከምር አንድ የዛገ ትንሽ ሮቦት ነው። ለ700 ዓመት ያህል ሲሠራ ከአንድ በረሮ በቀር ጓደኛ የለውም። ታዲያ ይህ ሮቦት በጣም የሚመኘው ምን ይመስላችኋል? አዲስ ባትሪ? አይደለም። እጅ ለእጅ የሚያያዘው ጓደኛ ነው!

ይህ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የፒክሳር ፊልም «ዎል-ኢ» ታሪክ ነው። ዳይሬክተሩ አንድሩ ስታንተን ይባላል። ዓለም ከጠፋች በኋላ ያለውን ጊዜ የሚያሳዩ ፊልሞች ብዙውን ጊዜ ተኩስና ጭካኔ ይበዛባቸዋል። ይሄኛው ግን ለስለስ ያለ የፍቅር ታሪክ ነው። «ኧረ ይሄ የልጅ ነገር ነው!» የሚል ጓደኛ አይጠፋችሁም። ከሳይንስ አንጻር ስናየው ግን ነገሩ ቀላል አይደለም።

ብረት እንዴት «ያፈቅራል»?

ዎል-ኢ እና የሚወዳት ሮቦት ኢቭ የሚናገሩት በጣም ጥቂት ቃል ነው። ኢቭ ደግሞ ፊት እንኳ የላትም፤ ሁለት ሰማያዊ የዓይን ምልክቶች ብቻ ናቸው ያሏት። እኛ ግን ስሜታቸው ወዲያው ይገባናል። ለምን?

እ.ኤ.አ. በ1944 ፍሪትዝ ሃይደር እና ማሪያን ሲመል የተባሉ ተመራማሪዎች አንድ አጭር ፊልም ሠሩ። በፊልሙ ውስጥ ሁለት ሦስት ማዕዘኖችና አንድ ክብ ወዲህ ወዲያ ይንቀሳቀሳሉ። ያዩትን እንዲናገሩ ከተጠየቁት 34 ተማሪዎች መካከል «ቅርጾች ተንቀሳቀሱ» ያለችው አንዷ ብቻ ነበረች። ሌሎቹ ታሪክ ነገሩ! ትልቁ ሦስት ማዕዘን ጉልበተኛ ሆነ፤ ትንሹና ክቧ ደግሞ የሚዋደዱ ጥንዶች ሆኑ።

አያችሁ? አንጎላችን እንቅስቃሴ ሲያይ ከጀርባው ሐሳብና ስሜት ይፈልጋል። ኢቭ ድንገት ሥራ ስታቆም ዎል-ኢ ዝናብ እንዳይመታት ጃንጥላ ይዞላት ይቆማል። «እወድሻለሁ» አላለም። እኛ ግን ሰምተነዋል።

የህዋ ላይ ጭፈራ

ከፊልሙ በጣም ከሚወደዱት ትዕይንቶች አንዱ ሁለቱ ከመንኮራኩሩ ውጪ የሚጨፍሩበት ነው። ኢቭ መብረር ትችላለች፤ ዎል-ኢ ግን አይችልም። ስለዚህ የእሳት ማጥፊያ ይዞ ጋዙን እየረጨ ይንሳፈፋል። ይህ የኒውተን ሦስተኛ ሕግ ነው፦ ጋዙ ወደ ኋላ ሲገፋ ዎል-ኢ ወደ ፊት ይገፋል። ቤታችሁ ውስጥ ፊኛ ነፍታችሁ ሳትቋጥሩ ብትለቁት የምታዩት ያንኑ ነው። ህዋ ላይ ደግሞ የሚያዘገየው አየር ስለሌለ፣ ለመቆም ከፈለገ ጋዙን ወደሚሄድበት አቅጣጫ መርጨት አለበት። አየር ከሌለ ድምፅም አይሰማም፤ እውነተኛው ጭፈራ ጸጥ ያለ ይሆን ነበር።

እጅ መያዝ ምን ይጠቅማል?

ዎል-ኢ እጅ መያያዝን ያየው ከድሮ የሙዚቃ ፊልም የቪዲዮ ካሴት ላይ ነው። ዓለም ፈርሳ እያለ እንዲህ ያለ ትንሽ ነገር ምን ያደርጋል?

እ.ኤ.አ. በ2006 ጄምስ ኮን እና ባልደረቦቹ 16 ባለትዳር ሴቶችን ኤም አር አይ ማሽን ውስጥ አስገብተው፣ ቀላል የኤሌክትሪክ ንዝረት ሊያገኛቸው እንደሚችል አስጠነቀቋቸው። አንዳንዴ የባላቸውን እጅ፣ አንዳንዴ የማያውቁትን ሰው እጅ ይዘው፣ አንዳንዴም ብቻቸውን ሆነው ጠበቁ። የባላቸውን እጅ ሲይዙ አደጋን ለመቋቋም የሚነቁት የአንጎል ክፍሎች በጣም ረገቡ። ትዳራቸው ደስተኛ የሆነላቸው ደግሞ የበለጠ ረገቡ። 16 ሰው ጥቂት ነው፤ በአንድ ጥናት ብቻ ሁሉንም ነገር መደምደም አይቻልም። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ንዝረቱ አልቀረም። የተለወጠው አንጎል አደጋውን የሚቀበልበት መንገድ ነው።

ፊልሙም እንደዚያው ነው። ሁለቱ እጅ ለእጅ ሲያያዙ የቆሻሻው ተራራ አይጠፋም። ሁሉ ነገር ባለበት ዓለም ውስጥ እጅ መያያዝን ማን ልብ ይለዋል? ምንም በሌለበት ግን ትንሿ ነገር ጎልታ ትታያለች። እንዲህ ያለ ታሪክ ደስ የሚለን መከራውን ስለሚያስረሳን አይደለም። በመከራ መሃልም መተሳሰብ እንደሚቻል ስለሚያሳየን ነው።

አሁን ተራው የእናንተ ነው! ፊልሙን ካገኛችሁ አሥር ደቂቃውን ድምፁን አጥፍታችሁ እዩት። ሁለቱ እንደሚዋደዱ ያሳወቃችሁ ምንድን ነው? አንገት መድፋት? መቅረብ? ዘወር ብሎ ማየት? ያያችሁትን ጻፉና ከጓደኛችሁ ዝርዝር ጋር አስተያዩት። ያ «የልጅ ነገር ነው» ያለው ጓደኛችሁ ቢሆን ደግሞ የበለጠ ጥሩ ነው።