የማይታየው የሐይቅ መንጋ

ከአዲስ አበባ በደቡብ ምዕራብ በኩል ወጥቶ ዓለም ገናን ያለፈ መንገደኛ ብዙ ሳይርቅ ሰበታ ይደርሳል። የዓሣና የሌሎች የውሃ ውስጥ ሕይወት ብሔራዊ የምርምር ማዕከል የሚገኘው በዚያ ነው። ባሕር የሌላት አገር፣ ያውም በደጋ ላይ፣ ስለ ዓሣ የሚመራመር ተቋም ማቆሟ አንዳንዱን ተማሪ ፈገግ ያሰኘው ይሆናል። ነገሩን ጠጋ ብሎ ለመረመረው ግን ፈገግታው ወደ ቁም ነገር ይለወጣል።

«ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» ይላል ያገራችን ሰው። የሳይንስ ሊቃውንት ዓሣን ሲጎረጉሩ ያወጡት ግን ዘንዶ ሳይሆን በዐይን ለማየት የሚያዳግት ጥቃቅን ፍጡር ነው። ስሙም ዙፕላንክተን ይባላል።

ፕላንክተን የሚለውን ቃል እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1887 የፈጠረው ቪክቶር ሄንሰን የተባለ ጀርመናዊ ሊቅ ነው፤ ቃሉን ያገኘው ከግሪክ ሲሆን ትርጓሜውም «ተንከራታች» ማለት ነው። የውሃውን ጉዞ ተቋቁሞ በገዛ ኀይሉ ሊሄድ የማይችል፣ ማዕበልና ነፋስ ወደ ወሰደው የሚሄድ ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ ፕላንክተን ነው። ከዚህም ውስጥ እንደ ተክል ከፀሐይ ብርሃን ምግቡን የሚያዘጋጀው ፋይቶፕላንክተን ሲባል፣ ያንን እየበላ የሚኖረው እንስሳ ዙፕላንክተን ይባላል። መለያው መንከራተት እንጂ ማነስ ባለመሆኑ፣ አንዳንዴ ከአንድ ሜትር በላይ የሚሰፋው የባሕር ጄሊፊሽም ከዙፕላንክተን ወገን ይቈጠራል።

በኢትዮጵያ ሐይቆች ውስጥ በብዛት የሚገኙት ሦስት ወገኖች ናቸው። አንደኛው ሮቲፈር ሲሆን ከሁሉም ያንሳል። ሁለተኛው የውሃ ቁንጫ የሚሉት የዳፍኒያ ዘመድ ነው። ሦስተኛው ኮፔፖድ ይባላል። ዳፍኒያ ኑሮ ሲመቻት ያለ ወንድ ብቻዋን ትራባለች፤ ስለዚህ ምግብ በበዛበት ወቅት መንጋው በጥቂት ቀናት ውስጥ እጥፍ ድርብ ይሆናል። ብዙዎቹ ዙፕላንክተኖች ቀን ከዓሣ ዐይን ለመሰወር ወደ ጨለማው ጥልቀት ይወርዳሉ፤ ሲመሽ ደግሞ ለግጦሽ ወደ ላይ ይወጣሉ። በየሌሊቱ በዓለም ውቅያኖሶች የሚደረገው ይህ ጉዞ በምድር ላይ ከሚደረጉት የእንስሳት ፍልሰቶች ሁሉ ትልቁ ነው።

እንግዲህ ይህ መንጋ ለሰው ምን ይረባል? ሣር የሚበላ ሰው እንደሌለ ሁሉ፣ በሐይቅ ውስጥም አብዛኞቹ የዓሣ ጫጩቶች አረንጓዴውን ፋይቶፕላንክተን በቀጥታ ሊበሉ አይችሉም። የብስ ላይ ሣሩን ወደ ሥጋ የሚለውጡልን ከብቶች እንደሆኑ፣ በውሃም ይህን የሚሠራው ዙፕላንክተን ነው። በየደረጃው ግን ብዙ ይባክናል። በጠቅላላ ግምት ከተበላው ምግብ ወደ በላተኛው ሥጋ የሚተላለፈው ከመቶ ዐሥር ያህሉ ብቻ ነው። በዚህ ሒሳብ ከ1,000 ኪሎ ፋይቶፕላንክተን 100 ኪሎ ዙፕላንክተን፣ ከዚያ 10 ኪሎ ትንንሽ ዓሣ፣ በመጨረሻም 1 ኪሎ ትልቅ ዓሣ ይገኛል ማለት ነው። በጾም ወራት ከገበታችን የሚቀርበው ዓሣ ከበስተኋላው ይህን ያህል ሠራዊት አለው።

ይህን የተረዱ ኢትዮጵያውያን ሊቃውንት በማጉያ መነጽር ሥር ብዙ ደክመዋል። ሥዩም መንግሥቱ ከፈርናንዶ ጋራ ሆነው በሐዋሳ ሐይቅ የዋና ዋናዎቹን ዙፕላንክተኖች ብዛትና የወቅት ለውጥ አጥንተው በ1991 አሳትመዋል። እሸቴ ደጀን ደግሞ በጣና ሐይቅ ባደረጉት ጥናት በ2003 በኔዘርላንድ ከዋግኒንገን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ማዕርግ አግኝተዋል። የጥናታቸው ጉዳይ በጣና ያሉ ትንንሽ የባርበስ ዓሦች ናቸው። ከእነዚህም አንዱ በ2000 ለሳይንስ ዓለም እንደ አዲስ ዘር የተዋወቀና በዙፕላንክተን የሚኖር ነው።

በዚህ ላይ ከባድ ጥያቄ ይነሣል። ትንንሾቹን ዓሦች አጥምዶ ለሕዝብ መመገብ ይቻላልን? ይቻል ይሆናል፤ ነገር ግን ጣና በዓለም የታወቀባቸው ትልልቅ የባርበስ ዓሦች አያሌዎቹ የሚበሉት እነዚህኑ ትንንሾች ነው። ካንዱ አፍ ሳይነጥቁ ለሌላው ማጉረስ አይቻልምና፣ ስንት ቢጠመድ ሐይቁ ይችላል የሚለውን መመለስ የሚችለው ዙፕላንክተኑን ቈጥሮ የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው።

እሸቴና የሥራ ጓደኞቻቸው እንዳሳዩት በጣና የዙፕላንክተንን ሥርጭት ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ የውሃው ድፍርስነት ነው። ክረምት በገባ ጊዜ ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ የገበሬውን አፈር ጠርገው ወደ ሐይቁ ይከታሉ። ድፍርሱ ውሃ ብርሃን ይከለክላል፤ ብርሃን ሲጠፋ ፋይቶፕላንክተን ይቀንሳል፤ ውሃውን እያጠለለች የምትመገበው ዳፍኒያም ከምግቧ ጋራ ጭቃ ትውጣለች። ስለዚህ በተራራ ላይ የተቈረጠ ዛፍ ዕዳው እስከ ዓሣ አጥማጁ መረብ ድረስ ይወርዳል።

ሰንሰለቱ ሲበጠስ ምን እንደሚሆን ለማየት ወደ ናሚቢያ ባሕር መመልከት ይበቃል። በዚያ የሰርዲን ዓሣ ያለ ልክ ተጠምዶ ካለቀ በኋላ ዙፕላንክተኑን ተሻምቶ የሚበላው ባብዛኛው ጠፋ። ልብም አንጎልም የሌለው፣ ገላው ከመቶ ዘጠና አምስት እጅ በላይ ውሃ የሆነው ጄሊፊሽም ማዕዱን ወረሰ። በ2006 የታተመ ጥናት በዚያ ባሕር የጄሊፊሹን ክብደት 12.2 ሚሊዮን ቶን፣ የዓሣውን ግን 3.6 ሚሊዮን ቶን ብቻ አድርጎ ገምቶታል። ጄሊፊሹ የዓሣውን ዕንቍላልና ጫጩት ስለሚበላ፣ አንዴ ከነገሠ ዙፋኑን በቀላሉ አይለቅም።

የእኛ ሐይቆች የሚያሠጋቸው ወራሽ ሌላ ነው። በቆቃ ሐይቅ ማይክሮሲስቲስ የተባለ መርዝ አመንጪ አረንጓዴ አተላ በብዛት ይታያል። ይህን ዙፕላንክተን እንደ ሌላው ፋይቶፕላንክተን በቀላሉ ሊግጠው አይችልም፤ ከብትና ሰው የሚጠጡትንም ውሃ ያበላሻል። እሱን የሚያደልበው ከእርሻ ማዳበሪያ፣ ከፋብሪካና ከከተማ ፍሳሽ የሚመጣ ንጥረ ነገር ነው።

አሁን ወደ ሰበታ እንመለስ። ማዕከሉ ሐይቆችን ከማጥናት ሌላ የቆሮሶና የካርፕ ጫጩት ለኩሬና ለግድብ ያራባል። ጫጩት ከዕንቍላሉ ይዞት የወጣውን ስንቅ በጥቂት ቀን ይጨርሳል፤ ያን ጊዜ አፉ የሚችለው ሮቲፈርና ትንሽ ዳፍኒያ ካላገኘ ይሞታል። ስለዚህ ዐዋቂ ዓሣ አርቢ ጫጩት ከመጨመሩ በፊት ኩሬውን በከብት ወይም በዶሮ ፋንድያ ያዳብራል፤ ፋንድያው ፋይቶፕላንክተኑን፣ ፋይቶፕላንክተኑም ዙፕላንክተኑን ያበዛል። ፋንድያው ሲበዛ ግን ብስባሹ ኦክሲጅኑን ይጨርስና ዓሣው ይታፈናል። ልኩን ማወቅ ዕውቀት ይጠይቃል።

የዚህ ትምህርት መሣሪያ ውድ አይደለም። ቀዳዳው ከአንድ ሚሊሜትር ዐሥረኛ ያነሰ መረብ፣ ጠርሙስ፣ ጥቂት ፎርማሊን፣ አንድ ማይክሮስኮፕ፣ ከሁሉም በላይ ዓመቱን ሙሉ ሳይሰለቹ መቍጠር ነው። በ1965 ባክስተር፣ ፕሮሰርና ዉድ የተባሉ የያኔው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ከእንግሊዛዊው ታሊንግ ጋራ በደጋማ የአፍሪካ ሐይቆች የውሃ ድርብርቦሽ ላይ ያሳተሙት ጽሑፍ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል፤ ከመረመሯቸውም ሐይቆች የቢሾፍቱዎቹ የአንድ ቀን መንገድ እንኳ አይፈጁም።

ተማሪ ወንድሞቼና እኅቶቼ! ሁላችን ሐኪምና መሐንዲስ ለመሆን እንሽቀዳደማለን፤ ይህም መልካም ነው። ነገር ግን ሐይቁ ከደፈረሰ በኋላ መሐንዲሱ የሚያጣራው፣ ሐኪሙም የሚያክመው ጉዳት ይበዛል። ጉዳቱ ሳይደርስ አስቀድሞ የሚያውቀው በጠብታ ውሃ ውስጥ ያለውን መንጋ የሚቈጥረው ነው። ይህን መንጋ የሚጠብቁ እረኞች ደግሞ ከእኛ መካከል መውጣት አለባቸው።