የትኛው ዓመት ራቭ ፎር?
መኪና ለመግዛት ለሚያስቡ ባልና ሚስት

አንድ ባልና ሚስት መኪና ለመግዛት ሰባት ዓመት ቆጠቡ። ሦስት ልጆች አሏቸው፤ የባልየው እናትም ከእነርሱ ጋር ይኖራሉ። ራቭ ፎር እንዲሆን ሁለቱም ተስማምተዋል። የተለያዩት በዓመቱ ላይ ነው። እርሱ የ2007 ሞዴል አይቶ ወድዷል፤ የጎደለውን ገንዘብ ከወንድሙ ሊበደር አስቧል። እርሷ ደግሞ፣ “በእጃችን ባለው ገንዘብ የ2002ቱን ብንገዛ ምን ይጎድልብናል?” ትላለች። ነገሩ ከመኪና አልፎ ወደ ኩርፊያ ደረሰ።

ውድ አንባቢያን፣ የማን ሐሳብ ትክክል ነው እንላለን? ከመፍረዳችን በፊት በዓመታቱ መካከል ምን እንደ ተለወጠ እንመልከት። የመኪኖቹን ዓመት የምንጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ስሙ አንድ፣ መኪናው ልዩ ልዩ

ቶዮታ ራቭ ፎርን ለገበያ ያቀረበው በ1994 ነው። ከዚያ ወዲህ መኪናው በየጥቂት ዓመቱ እንደ አዲስ ተሠርቷል። ስለዚህ የአንድና የሁለት ዓመት ልዩነት አንዳንድ ጊዜ ምንም አይደለም፤ አንዳንድ ጊዜ ግን ፈጽሞ ሌላ መኪና ማለት ነው።

ከ1994 እስከ 2000፦ መጀመሪያ ባለ ሦስት በር አጭሩ ወጣ፤ ባለ አምስት በሩ በ1995 ተከተለ። ባለ 2.0 ሊትር ሞተር ሲሆን አሠራሩ ቀላል ነው። ይሁን እንጂ የመጨረሻው እንኳ ዛሬ ሃያ አምስት ዓመት ስለ ሞላው ጎማና ዘይት ብቻ ቀይሮ መንዳት አይቻልም። ቱቦው፣ ጎሚኒውና የኤሌክትሪክ ሽቦው ሁሉ አርጅቷል።

ከ2000 እስከ 2005፦ ሰፋና ረዘም ብሎ መጣ። ባለ 1.8 እና ባለ 2.0 ሊትር ሞተር አለው። 1.8 የሆነው የሚጎትተው በፊት ጎማ ብቻ ነው፤ ፎር ዊል የለውም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች አየሩ ስስ ነው፤ እንዲህ ያለ የቤንዚን ሞተርም ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል። ቤተሰብ ጭኖ ዳገት ለሚወጣ ሰው 2.0 የሆነው ይሻለዋል። ከ2001 እስከ 2003 ለአሜሪካ ገበያ በተሠሩት አውቶማቲኮች ላይ የሚታወቅ ችግር አለ፤ ማርሹን የሚያዘው ኮምፒውተር ሲበላሽ መኪናው ማርሽ ሲቀይር በኃይል ይገፋል። ቶሎ ካልተጠገነ ካምቢዮው ራሱ ይበላሻል።

ከ2005 መጨረሻ እስከ 2012፦ ውስጡ የበለጠ ሰፊ ነው። ፎር ዊሉ ቀድሞ ሁልጊዜ አራቱንም ጎማ ይጎትት ነበር፤ በዚህኛው ግን የኋላ ጎማዎች የሚያግዙት ሲያስፈልግ ብቻ ነው። ከ2006 እስከ 2008 በነበሩት ባለ 2.4 ሊትር ሞተሮች ላይ ዘይት መብላት ይታያል። ምክንያቱ በፒስተኑ ላይ ያሉት ዘይት መመለሻ ቀዳዳዎች መደፈናቸው ነው።

ከ2013 ሞዴል ወዲህ፦ ወደ ጎን ይከፈት የነበረው የኋላ በር ወደ ላይ መከፈት ጀመረ፤ በበሩ ላይ የነበረው ትርፍ ጎማም ወደ ውስጥ ገባ። ዋጋው ግን ከቀደሙት በብዙ ይርቃል።

ከዓመቱ በፊት መኪናውን

በአገራችን የቤንዚንና የናፍጣ መኪና ማስገባት በ2024 ከተከለከለ ወዲህ ገዢው የሚመርጠው አስቀድሞ በአገር ውስጥ ከሚነዱት መካከል ነው። እነዚህም ከእጅ ወደ እጅ የሚዞሩ ናቸው። እንግዲህ የሚከተሉትን ሳያደርጉ ገንዘብ አይክፈሉ።

1. መኪናውን ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይሞቅ ይዩት። ሻጩ አስቀድሞ እንዳያሞቀው ይንገሩት። ሲነሣ ሰማያዊ ጭስ ካወጣ ዘይት እየበላ ነው። የዘይቱንም መጠን ያስለኩ።

2. ከሞቀ በኋላ ዳገት ላይ ይንዱት። ማርሽ ሲቀይር የሚገፋ ከሆነ ይተዉት።

3. የሻንሲውንና የሞተሩን ቁጥር ከሊብሬው ጋር ያመሳክሩ። ዕዳና እግድ እንደሌለበትም ከትራንስፖርት ቢሮ ያረጋግጡ።

4. ደላላው ወይም ሻጩ ያመጣውን ሳይሆን እናንተ የመረጣችሁትን መካኒክ ይዛችሁ ሂዱ።

አንድ ነገር እንጨምር። ሻጩ የቤተ ክርስቲያናችን ወንድም ወይም እኅት ሲሆን ማስመርመር የሚያሳፍራቸው አሉ። ነገር ግን በኋላ ችግር ሲገኝ መኪናውም ወንድማማችነቱም አብረው ይበላሻሉ። ሻጩም የሚያውቀውን ጉድለት አስቀድሞ ቢናገር ከዋጋው ጥቂት ይቀንስበት ይሆናል፤ እሑድ በመጣ ቁጥር ግን የገዢውን ዓይን አይሸሽም።

ባልና ሚስቱስ ምን አደረጉ?

ሁለቱንም መኪኖች አስመረመሩ። የ2007ቱ ጠዋት ሲነሣ አጨሰ፤ ዘይቱም ከምልክቱ በታች ነበር። የ2002ቱ አውቶማቲክ ደግሞ ሁለተኛ ማርሽ ላይ ይገፋ ነበር። ሁለቱንም ተዉ። ከሦስት ወር በኋላ 2.0 ሞተር ያለው የ2004 ማንዋል ገዙ። ብድር አልገቡም፤ ለጎማና ለጥገና የሚሆን ገንዘብም ተረፋቸው።

ስለዚህ ባልና ሚስት ገበያ ከመውጣታቸው በፊት ተቀምጠው ሦስት ነገር ቢወስኑ መልካም ነው፦ ከዚህ በላይ አንከፍልም የሚሉትን ዋጋ፣ ለጥገና የሚያስቀሩትን ገንዘብ፣ እንዲሁም ከሁለት አንዳቸው “ልቤ አልተቀበለውም” ቢሉ ግዢው እንደሚቆም። መኪና ነገም ይገኛል። አንዱ ሳይስማማ የተገዛ መኪና ግን በተበላሸ ቁጥር የትናንቱን ክርክር እንደገና ያስነሣል።