ስብሰባ በነጻ ነው ያለው ማነው?

ጎንደር ፒያሳ ሻይ ይዘን ስንጫወት አንዱ ጓደኛችን «ድሃ እኮ ለቀበሌው ግድ የለውም፤ ስብሰባ ሲጠራ አይመጣም» አለ። እውነት ግድ አጥቶ ነው? ለእኔ አልመሰለኝም።

ቅዳሜ ገበያ ጉሊት የሚቸረችሩ አንዲት እናት ጠየቅኋቸው። «ልጄ፣ ግማሽ ቀን ስብሰባ ዋልኩ ማለት ልጆቼ ማታ የሚበሉት አጡ ማለት ነው» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። የመንግሥት ሠራተኛ ተሰብስቦ ቢውል ደሞዙ አይቆረጥም። ባለሱቁም ሱቁን ለልጁ ትቶ ይሄዳል። የቀን ሠራተኛው፣ ሊስትሮውና ባለጉሊቷ ግን ከኪሳቸው ከፍለው ነው የሚሰበሰቡት። ስለዚህ ይቀራሉ። መዋጮው ስንት ይሁን የሚለው እነሱ በሌሉበት ይወሰናል፤ ሲሰበሰብ ግን እነሱንም አይምራቸውም።

ወንበር ማብዛት ብቻውን መፍትሔ አይሆንም። በ2000 ዓ.ም. የአካባቢ ምርጫ አንድ የቀበሌ ምክር ቤት እስከ 300 አባላት እንዲኖሩት ተደርጎ ነበር። በአገሪቱ ከ3 ሚሊዮን በላይ ወንበር ቀረበ፤ ከሞላ ጎደል ሁሉንም የያዙት ኢሕአዴግና አጋሮቹ ነበሩ። ወንበሩ በዛ እንጂ ደሞዝ አልነበረውም። በነጻ ማገልገል ደግሞ እራቱን ላረጋገጠ ሰው ይቀላል።

ወደ ሰሜን ጎንደር ደጋ፣ ወደ ጃናሞራ ስትወጡ ችግሩ መልኩን ይቀይራል። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው ሴፍቲኔት ተጠቃሚውን የሚለየው በአካባቢው ኮሚቴ ነው። እዚያ ድሃው ስብሰባ ይመጣል፤ አፉን ግን ይይዛል። የልጆቹ እህል በስም ዝርዝር ላይ የተንጠለጠለ ሰው ሊቀመንበሩን «ተሳስተሃል» ከማለቱ በፊት ሁለቴ ያስባል። አይፈረድበትም!

የጥንት አቴናውያን ይህ ነገር ገብቷቸው ነበር። ሴቶችንና ባሮችን ባያሳትፉም፣ ከ2,400 ዓመት ገደማ በፊት ጉባኤ ለመጣ ዜጋ አበል ይከፍሉ ነበር። እኛ አበሉ ቢያቅተን ሰዓት መምረጥ ያቅተናል?

እንግዲህ ምክሬ ይኸው። ስብሰባ ሲጠራ አጀንዳውን ቀድማችሁ ጠይቁ። በገበያ ቀን እንዳይሆን ተከራከሩ። ከጎረቤት ጋር ተራ ግቡ፤ አንዱ ሲሰበሰብ ሌላው ጉሊቱን ይጠብቅ። የሚያስፈራ ጥያቄ ካለ ደግሞ ለብቻ አትነሱ። አንድ ሰው ሲናገር ስሙ ይያዛል፤ አሥር ሰው አንድ ነገር ሲጠይቅ ግን የማን ስም ይሰረዛል?